የካዛንቺስ ስም እና የተርብ ቤት ሽታ

ካዛንቺስ የሚለው ስም የአንድ የጣሊያን መሥሪያ ቤት ምህፃረ ቃል ነው። «ካዛ ኢንቺስ»፣ የኢንቺስ ቤቶች። ኢንቺስ ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ የሚሠራ ተቋም ነበር፤ በወረራው ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) እዚህም ሠራ። የዚያን ጊዜ የከተማ ፕላን ነጩን ከሐበሻው በሰፈር የሚለይ ነበር። ሐበሻው ወደ ምዕራብ፣ ወደ መርካቶ ይገፋል። ማን የቤት ማን ባዕድ እንደሆነ የሚወስነው ቆዳ ነበር።

ተርቦችም በር ላይ ይለያሉ። የእነሱ መለያ ግን ሽታ ነው፤ ነገሩ ደግሞ ካዛንቺስን ለማሰብ ጥሩ መንገድ ሆኖልኛል። አትሳቁ!

ተርቧ እንጨት በአፏ ፍቃ፣ በምራቋ ለውሳ ወረቀት የመሰለ ቤት ትሠራለች። ከጣራ ጠርዝ ሥር ተንጠልጥሎ የምታዩት ግራጫ ነገር እሱ ነው። ሰውነቷን ሃይድሮካርቦን የሚባሉ ኬሚካሎች ያሉበት ስስ ሰም ይሸፍነዋል። ሁለት ተርቦች ሲገናኙ በአንቴናቸው ይዳሰሳሉ፤ «የማን ልጅ ነሽ?» እንደመባባል ነው። መልሱ ሰሙ ላይ አለ (እዚህ ሰሙ ራሱ ወርቅ ነው)። ካልገጠመ ንክሻ ይከተላል።

ሽታው ከደም ነው ወይስ ከቤት? እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ጆርጅ ጋምቦአና ባልደረቦቹ አሜሪካ ውስጥ ይህን ፈተኑ። አዲስ የተፈለፈሉ ተርቦችን ከቤታቸውም ከእህቶቻቸውም ለይተው አቆዩ። እህት እህቷን ሳትለይ ቀረች። ከቤቱ ወረቀት ጋር የቆዩት ግን ለዩ። ደም ብቻውን አልበቃም፤ ያስተማራቸው ቤቱ ነው።

ይህን የምታውቅ ሌባም አለች። ፖሊስቴስ ሱልሲፈር የምትባለው ተርብ ቤት አትሠራም፤ ሠራተኛ ልጆችም የሏትም። የሌላ ዝርያ ቤት ሰብራ ትገባለች፣ ንግሥቲቱን ታወርዳለች፣ ከዚያ ሆዷን ወረቀቱ ላይ ደጋግማ ትፈትጋለች። በጥቂት ቀናት ውስጥ ሽታዋ የባለቤቶቹን ይመስላል፤ እነሱም የእሷን ልጆች ይቀልባሉ። ይህን በሰፊው ያጠኑት ጣሊያኖች ናቸው፣ የፍሎረንስ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች። እዚያ ያስተማረው ሊዮ ፓርዲ በ1940ዎቹ የተርቦችን የበላይና የበታች ሥርዓት ሲያጠና፣ አገሩ አዲስ አበባ ላይ የራሷን የበላይና የበታች ሥርዓት ሞክራ ወድቃ ነበር።

ካዛንቺስ ላይ የሆነው የሱልሲፈር ግልባጭ ይመስለኛል። ወራሪው የቤቱን ሽታ ሳይወስድ ወጣ፤ ስሙ ግን ቀረ። የኛ ሰው ገባበት፣ እድር አቋቋመበት፣ ቡና አፈላበት። በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እዚሁ አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ሲመሠረት፣ የሰፈሩ ስም የፋሺስት መሥሪያ ቤት መሆኑ ማንን ያሳስበው ነበር? «የካዛንቺስ ልጅ ነኝ» የኛው ቃል ሆኗላ።

በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ ብዙ ሰው ወደ ገላን ጉራ ተዛወረ። ክርክሩ ስለ ካሬ ሜትርና ስለ ታክሲ ነበር፤ ተገቢ ክርክር ነው። እኔን የያዘኝ ግን «የማን ልጅ ነህ?» ተብሎ መልስ የሚገኝበት ደጃፍ ነው። እሱ በካሬ አይለካም።

ብርድ በሚከብድባቸው አገሮች ወጣት እናት ተርቦች ክረምቱን ተሸሽገው ያሳልፋሉ። ያደጉበት የወረቀት ቤት ባዶ ይቀራል። ከወራት በኋላ፣ ፀደይ ላይ አዲስ ቤት በጋራ ሲጀምሩ፣ ብዙ ጊዜ አብረዋቸው የሚገኙት ከዚያው ከድሮው ቤት የወጡ ናቸው።