የአቃቂና የጌጃ ምሰሶዎች

በቀድሞ ዘመን ነጋሪት ተጎስሞ ዐዋጅ ሲነገር ገበያተኛው ቃሉን ይዞ ወደየመንደሩ ይመለስ ነበር፤ የነጋሪቱ ድምፅ ግን ከገበያው ወሰን አያልፍም። ይህን ወሰን ያፈረሰው በአቃቂ የተተከለው የራዲዮ ጣቢያ ነው።

በመስከረም 2 ቀን 1928 ዓመተ ምሕረት፥ የኢጣልያ ጦር በወሰን ላይ ተሰብስቦ ሳለ፥ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዚያ ጣቢያ ለዓለም ሕዝብ ተናገሩ። በዚያው ወር እቴጌ መነን የዓለምን ሚስቶችና እናቶች ስለ ሰላም ለመኑ፤ ልጃቸው ልዕልት ፀሐይም ቃላቸውን በእንግሊዝኛ አሰሙ። የሚያስደንቀው፥ ጣቢያውን የሠራው አንሳልዶ የተባለ የኢጣልያ ኩባንያ መሆኑ ነው፤ ተጠቂው በአጥቂው አገር ሰዎች እጅ በተሠራ መሣሪያ ጮኸ። ዓለምም ሰማ፥ ነገር ግን አልረዳም። ስምንት ወር ሳይሞላ፥ በሚያዝያ 27 ቀን፥ አዲስ አበባ ስትያዝ ጣቢያውም ከኢትዮጵያ እጅ ወጣ።

ንጉሠ ነገሥቱ በጥር 12 ቀን 1933 በኦሜድላ ገብተው፥ በበላያ አድርገው ወደ ቡሬ ሲመጡ ምሰሶ አልነበራቸውም። ከሠራዊቱ ጋራ የነበረው «ባንዲራችን» የተባለ ጋዜጣና ድምፅ ማጉያ ነው፤ በእነዚህ በኢጣልያ ሰንደቅ ሥር ያሉት ወታደሮች ወደ ንጉሣቸው እንዲመለሱ ይጠሩ ነበር። የቀረውን መንገድ የሚያደርሰው፥ እንደ ነጋሪቱ ዘመን፥ የጎጃም ባላገር አንደበት ነበር።

የራዲዮ ምሰሶ ቁመቱ እንደ ሞገዱ ነው። ረጅም ሞገድ ምድርን ተከትሎ ይሄዳል፤ የአንዱ ሞገድ ርዝመት ከ1 ኪሎ ሜትር ስለሚበልጥ እጅግ ረጅም ምሰሶ ይሻል። በፖላንድ አገር በኮንስታንቲኑፍ በ1966 ተሠርቶ ያለቀው 646 ሜትር ነበረ፤ በነሐሴ 1983 የሚወጥሩት ገመዶች ሲለወጡ ወደቀ። አጭር ሞገድ ግን ወደ ላይ ወጥቶ፥ ከከፍተኛው አየር ተመልሶ በሩቅ አገር ይወርዳልና የጮቄን የመሰለ ተራራ አያግደውም።

ስለዚህ የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ከንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ ተቀብሎ ለአፍሪካና ለእስያ የሚናገር ጣቢያ ሲሠራ የመረጠው አጭር ሞገድን ነው። ሁለቱ ማሠራጫዎች እያንዳንዳቸው 100 ኪሎዋት ኃይል ነበራቸው፤ ምሰሶዎቹም ከአዲስ አበባ ውጭ በጌጃ ቆሙ። ጣቢያው በየካቲት 19 ቀን 1955 በንጉሠ ነገሥቱ ተመረቀ፤ በአማርኛም «ብሥራተ ወንጌል» ተባለ። ከጊዜው ከመቶ ሠላሳው ለስብከት፥ ሰባው ለዜናና ለትምህርት እንዲሆን ተደነገገ። በዚህ አከፋፈል ጥበብ ነበረበት፤ ስለ ዘሩና ስለ ልጁ ሕመም ምንም ያልነገረውን ድምፅ ገበሬው ስለ ነፍስ ሲነግረው ጆሮውን አይሰጠውምና።

ነገር ግን ጣቢያው የቆመው በአንድ ንጉሥ ፈቃድ ነበር። ንጉሡም በመስከረም 2 ቀን 1967፥ ከአቃቂ በተናገሩ ልክ በ39ኛው ዓመት፥ ከዙፋናቸው ወረዱ። በመጋቢት 3 ቀን 1969 ደርግ ጣቢያውን ወረሰ፤ ስሙም «የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ» ተባለ። ምሰሶ አልተነቀለም፥ ሽቦም አልተበጠሰም፤ ወንጌል ያነበበው ማሠራጫ የአብዮቱን መፈክር ያነብብ ጀመር። ፌዴሬሽኑ በየአገሩ ስቱዲዮዎች ነበሩት፤ በታንዛንያ በሞሺ፥ በማዳጋስካርና በቤይሩት በየቋንቋው የተቀዳው ድምፅ በክር ተጠቅልሎ ወደ አዲስ አበባ ይላክ ነበር። ከዚያች ቀን በኋላ የተቀዳው ሁሉ የሚያሰማው ምሰሶ አጣ።