የምክር ቤቱ በር፣ ከውጭና ከውስጥ

በየካቲት 1957 ከስድስት ኪሎ ተነስተን ወደ አራት ኪሎ የወረድን ሰዎች፣ ዛሬም በተገናኘን ቁጥር የምናወራው ስለ መፈክሩ ነው። «መሬት ለአራሹ!» ማን ቀድሞ ጮኸ፣ የማን ጫማ ተበጠሰ፣ ማን ፖሊስ ሲያይ «ፈተና አለብኝ» ብሎ ተመለሰ። (ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፣ እሱም ይህን ያነባል።) ለዚህ የመታሰቢያ መጽሔት አንድ ነገር ጻፍ ስባል ግን ሐሳቤን የያዘው ሌላ ጥያቄ ነው። እኛ ከበሩ ውጭ ስንጮህ፣ ከበሩ ውስጥ ያሉት ሰዎች ምን ይሠሩ ነበር?

በዚያ ሰሞን ምክር ቤቱ የያዘው የጭሰኛና የባለመሬትን ግንኙነት የሚመለከት ረቂቅ ሕግ ነበር። ይህን እናውቅ ነበር፤ የሄድነውም ለዚሁ ነው። ስለ ምክር ቤቱ ራሱ ግን የነበረን አስተያየት አንድና አጭር ነበር፦ የባለርስቶች ማኅበር፣ እጅ ማውጫ፣ ሰዓት ያለው ትልቅ ሕንፃ።

ሙሉ በሙሉ አልተሳሳትንም። በ1950 መጀመሪያ በተካሄደው የመጀመሪያው ሕዝባዊ ምርጫ እጩ ለመሆን በምርጫ ወረዳው 1,000 ብር የሚያወጣ የማይንቀሳቀስ ወይም 2,000 ብር የሚያወጣ ተንቀሳቃሽ ንብረት ያስፈልግ ነበር። ጭሰኛ ይህን ከየት ያመጣል? የፖለቲካ ፓርቲ የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም በየራሱ ነው የገባው። ከ210ሩ የሕግ መምሪያ አባላት በላይ ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው የሚሾሙት የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ተቀምጧል። ይሁን እንጂ በእነዚያ ወንበሮች ላይ መምህራን፣ የመንግሥት ጸሐፊዎችና ነጋዴዎችም ነበሩ። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩም በዚያው የመጀመሪያ ምርጫ ነው ተመርጠው የገቡት፤ የመጀመሪያዋ ሴት። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ከረጢት መክተታችን የልጅነት ነበር እላለሁ፣ ዛሬ።

ከተመረቅን ብዙ ዓመት በኋላ፣ ሥራ ለቅቄ ጊዜ ሲተርፈኝ፣ ሁለቱን ሕገ መንግሥቶች ጎን ለጎን አስቀምጬ አነበብኳቸው። የ1923ቱ ግልጽ ነው። ምክር ቤቶቹ ሚኒስትር ቢያስፈልጋቸው እንኳ፣ አስቀድመው የንጉሠ ነገሥቱን ፈቃድ ካላገኙ መጥራት አይችሉም። ሚኒስትሩም ቢሆን ልናገር ብሎ ሊገባ ቢፈልግ ያው ፈቃድ ያስፈልገዋል። ማለት ጠያቂና ተጠያቂ በአንድ ክፍል ውስጥ የሚገናኙት ሦስተኛው ሰው ሲፈቅድ ብቻ ነው።

በንጉሠ ነገሥቱ የብር ኢዮቤልዩ፣ በጥቅምት 1948 የታወጀው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ይህን በር ትንሽ ገርበብ አደረገው። ከሁለቱ ምክር ቤቶች አንዱ በድምፅ ብልጫ ከወሰነ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩም ሆነ ሌላው ሚኒስትር የመቅረብ ግዴታ አለበት ተባለ። ትንሽ ነገር አይደለም! ግን ቀጥሎ ያለውን አንብቡ። ሚኒስትሩ ራሱ ሊቀርብ ወይም ምክትሉን ሊልክ ይችላል። መልሱ በቃል ወይም በጽሑፍ ሊሆን ይችላል። ጥያቄውም ሊወጣ ስላለ ሕግ መሆን አለበት። በእኔ ግምት ነገሩ ሁሉ ያለው በዚህች የመጨረሻ ቃል ውስጥ ነው። አንድ የሕዝብ እንደራሴ ተነስቶ «በእኔ ወረዳ ድርቅ ገብቷል፣ እህሉ የት አለ?» ብሎ ሚኒስትርን ለመጠየቅ የሚያስችለው ግልጽ ቃል የለም። ስለ ረቂቅ ሕግ ከሆነ ይጠይቅ፤ በሥራ ላይ ስላለው አስተዳደር ግን ሚኒስትሩ ተጠሪነቱ ለሾመው ነው። በ1958 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሚኒስትሮቻቸውን ራሳቸው እንዲመርጡ ሲፈቀድም ይህ አልተለወጠም።

አንድ መስኮት ግን ነበረች፣ በጀት። በጀት በየዓመቱ ለምክር ቤት ቀርቦ መጽደቅ አለበት። ስለዚህ መንገድ ያልተሠራለት፣ ትምህርት ቤት ያልተከፈተለት ወረዳ እንደራሴ ብልህ ከሆነ ቅሬታውን በበጀት ጥያቄ ጠቅልሎ ያቀርባል።

ይህን ያስረዱኝ የአገሬ ሰው ናቸው። ሁለት የምርጫ ዘመን እንደራሴ ነበሩ፤ ስማቸውን አልጽፍም፣ ቤተሰባቸው ስላልጠየቅሁ። ከአብዮቱ በኋላ ሁሉን አጥተው፣ አንዲት ክፍል ውስጥ ነበር የሚኖሩት። እኔ ለለቅሶ ሄጄ ነው ያገኘኋቸው፣ «ጋሼ» እያልኩ አጠገባቸው ተቀምጬ። ጥያቄ ለማቅረብ ትልቁ ሥራ ሚኒስትሩን መጋፈጥ ሳይሆን የጓደኞችን እጅ ማሰባሰብ እንደነበር ነገሩኝ። ሚኒስትር ለማስጠራት ብልጫ ድምፅ ያስፈልጋል፤ ፓርቲ ከሌለ ደግሞ ሰውን አንድ በአንድ፣ ሻይ እየጋበዙ ነው መለመን። ዛሬ እጁን ያወጣልህ ሰው ነገ ለእሱ እንድታወጣለት ይፈልጋል። «በዚህ መሐል ሚኒስትሩ ምክትሉን ይልካል፣ ምክትሉም ጠይቄ ልምጣ ይላል» አሉና ሳቁ።

የጠየቀ ሁሉ ለድሃ ጠየቀ ማለት አይደለም። በ1960 የወጣውን የእርሻ ገቢ ግብር ሕግ ያየ ሰው ይህን አይስተውም። አስራትን ለመተካት ታስቦ ነበር የቀረበው። ምክር ቤቱ ጥርስ ያለው ሆኖ የታየው በዚህ ሕግ ላይ ነው፤ ግን ጥርሱን ያሳረፈው ሕጉ ባለመሬቱን በሚነካበት ቦታ ላይ ነበር። ሕጉ ተለዝቦ ወጣ። እንደዚያም ሆኖ ጎጃም «መሬታችን ሊለካ ነው፣ ርስታችን ሊነካ ነው» ብሎ ተነሳ። የሰው ሕይወት ጠፋ፣ ጠቅላይ ገዥው ተነሡ፣ ውዝፍ ግብር ተማረ። የጭሰኛው ሕግ ግን በ1957 እኛ በር ላይ ስንቆም የነበረበት ቦታ ሆኖ ቀረ። ሚኒስቴር ተቋቋመለት፣ ረቂቅ ተሻሻለ፣ እንደገና ተሻሻለ፤ እስከ 1966 አልጸደቀም። እኩል አራሹ እኩሌታውን፣ ሲሶ አራሹ ሲሶውን እየሰፈረ ቀጠለ።

ከዚያ ወሎ መጣ። በ1965 የዩኒቨርሲቲያችን መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ያዩትን በፎቶግራፍ ይዘው ተመለሱ፤ ስድስት ኪሎ ላይ ሰው እንዲያየው ሰቀሉት። ከእናንተ መካከል በዚያ ክፍል ውስጥ ያለፋችሁ አላችሁ፤ እኔ በዚያን ጊዜ ክፍለ ሀገር ስለነበርኩ አላየሁትም። ጥያቄው የተነሳው ከምክር ቤት ሳይሆን ከግቢያችን ነበር ማለት ነው፤ ሚኒስትር የመጥራት ሥልጣን ከሌለው ቦታ።

የካቲት 1966 ሁሉን ገለበጠው። ለ13 ዓመት የመሩት ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ለቀቁ፣ ልጅ እንዳልካቸው መኮንን ተተኩ፣ ሚኒስትሮች ይጠየቁ የሚለው ጩኸት በየመንገዱ ሆነ። መርማሪ ኮሚሽን በሕግ ተቋቋመ። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምና ዶክተር በረከት ሀብተ ሥላሴ ከአባላቱ መካከል ነበሩ። በእኔ እምነት በዘመናዊ ታሪካችን ሚኒስትሮች በሥራቸው ጉዳይ ቃላቸውን እንዲሰጡ በእውነት የተጠየቁት በዚያ ጊዜ ነው፦ ስለ ድርቁ መቼ አወቅህ፣ ለማን ነገርህ፣ ምን አደረግህ? ሊወጣ ስላለ ሕግ አይደለም፣ ስለተሠራና ስላልተሠራ ሥራ።

መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ ወረዱ፣ ምክር ቤቱም አብሮ ተዘጋ። ኮሚሽኑ ግን ሥራውን ቀጠለ። ኅዳር 14 ለሊት ደርግ አክሊሉንም እንዳልካቸውንም ጨምሮ ወደ 60 የሚሆኑ ሰዎችን ያለ ፍርድ ገደለ። መልስ በመስጠት ላይ የነበሩ ሰዎች ናቸው! ከእኛ ወገን ያን ጠዋት በሬዲዮ ሰምቶ የተደሰተ ሰው ነበር፤ እኔም ቢያንስ አላዘንኩም። ይህን መጻፍ ይከብደኛል፣ ግን እውነት ነው። ሰውየውን ስትገድለው መልሱንም አብረህ እንደምትቀብር የገባኝ ዘግይቶ ነው።

አክሊሉ እስር ቤት ሆነው ለኮሚሽኑ የጻፉት ግን ተርፏል። የራሳችን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ከ35 ዓመት ገደማ በኋላ «የአክሊሉ ማስታወሻ» ብሎ አሳተመው። ያልያዛችሁት ፈልጉና አንብቡት። ለራሳቸው ያደላሉ፣ መቼም ተከሳሽ ነው፤ ነገር ግን ያ ጥያቄ ምን ያህል መልስ ሊያወጣ ይችል እንደነበር ያሳያል።

አሁን በሥራ ላይ ያለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 55 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅና አሠራራቸውን የመመርመር ሥልጣን አለው ይላል፤ ስለ ረቂቅ ሕግ ብቻ የሚል ገደብ የለበትም። ከ2002 ምርጫ በኋላ በ547ቱ ወንበሮች መካከል ከተቃዋሚ ፓርቲ የተቀመጡት አንድ ሰው፣ አቶ ግርማ ሰይፉ፣ ብቻ ነበሩ። እሳቸው ሲነሱ በቴሌቪዥን ባየሁ ቁጥር ትዝ የሚሉኝ እኒያ በለቅሶ ቤት ያገኘኋቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ሻይ እየጋበዙ እጅ የሚያሰባስቡት።

ያን ዕለት ከመሄዴ በፊት የካቲት 1957 ከበሩ ውጭ እንደነበርኩ ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። «ድምፃችሁ እኮ ይሰማን ነበር» አሉኝ። ያን ሰሞን በጽሑፍ ያቀረቡት አንድ ጥያቄ ነበራቸው። ጭሰኛው ከመሬቱ ሲባረር፣ በእጁ የተከለው ባሕር ዛፍና ቡና ዋጋ ይከፈለው እንደሆነ። መልሱ በጽሑፍ ይመጣል ተብለው ነበር።

«መጣ ታዲያ ጋሼ?» አልኳቸው።

«አንተም ጠብቅ» አሉኝ፣ ሻይ እንድጠጣ እየጠቆሙ።