«የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ?»፦ ወሲብ ያልጀመሩ ወጣቶች ምን ያህል ናቸው?

በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ሆነው የግብረ ሥጋ ግንኙነት ፈጽመው የማያውቁ ወጣቶች ብዙውን ጊዜ ጉዳዩን ከቅርብ ጓደኛ እንኳ ይደብቃሉ። ወንዱ መሳለቂያ እንዳይሆን ይሰጋል። ሴቷ ደግሞ ብትናገርም ባትናገርም ከጥርጣሬ አታመልጥም። በተለያዩ አገራት የተሰበሰቡ መረጃዎች ግን እነዚህ ወጣቶች ብቻቸውን እንዳልሆኑ ያሳያሉ።

በጃፓን በአውሮፓውያኑ 2015 በተካሄደ ብሔራዊ ጥናት፣ ከ18 እስከ 34 ዓመት ካሉ ያላገቡ ሰዎች መካከል 42 በመቶ ወንዶችና 44 በመቶ ሴቶች ወሲብ ፈጽመው እንደማያውቁ ተናግረዋል። በእንግሊዝ በ1989 እና 1990 የተወለዱ ወጣቶችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት ደግሞ፣ በ26 ዓመታቸው ከስምንቱ አንዱ ገና እንዳልጀመረ አመልክቷል።

የኢትዮጵያ መረጃ ምን ይላል?

በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በወንዶችና በሴቶች መካከል ሰፊ ልዩነት አሳይቷል። ዕድሜያቸው ከ25 ዓመት በላይ ከሆኑ ተጠያቂዎች መካከል ግማሽ ያህሉ ሴቶች የመጀመሪያ ግንኙነታቸውን የፈጸሙት 16.6 ዓመት ሳይሞላቸው ነበር። ለወንዶቹ ይህ መካከለኛ ዕድሜ 21.2 ነው። በሌላ አነጋገር፣ ወንዶቹ 21 ዓመት ሲሞላቸው ግማሽ ያህሉ ገና አልጀመሩም ነበር።

ለልዩነቱ ዋነኛው ምክንያት ጋብቻ ነው። በዚሁ ጥናት የሴቶች መካከለኛ የጋብቻ ዕድሜ 17.1፣ የወንዶች 23.7 ነበር። በ2000 የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ግን ለሁለቱም ጾታዎች ዝቅተኛውን የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎታል። ስለዚህ ቀድሞ መጀመር ሁልጊዜ የራስ ምርጫ አይደለም፤ ለብዙ ልጃገረዶች ውሳኔው የቤተሰብ ነበር።

ድንግልና በምርመራ ይታወቃል?

በብዙ ማኅበረሰቦች የሴት ልጅ ድንግልና የቤተሰብ ክብር መለኪያ ተደርጎ ይታያል፤ በአማርኛም «ብር አምባር» ይባላል። በሠርግ ሌሊት ደም አለመታየቱ ሙሽራዋን ለውርደት ሊዳርጋት ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት ግን በጥቅምት 2018 ባወጡት መግለጫ፣ የድንግልና ምርመራ ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለውና መቆም እንዳለበት አሳስበዋል። የድንግልና ስስ ሽፋን ቅርጽ ከሴት ሴት ይለያያል፤ በመጀመሪያው ግንኙነት የማይደሙ ሴቶችም ብዙ ናቸው። አንዲት ሴት ግንኙነት መፈጸም አለመፈጸሟን በአካል በማየት ማረጋገጥ የሚችል ሐኪም የለም።

አንዳንዶች በሃይማኖታቸው፣ አንዳንዶች በትምህርት ወይም በሥራ፣ ሌሎች የሚወዱትን ሰው ባለማግኘታቸው ይዘገያሉ። በሕክምና ዓይን መዘግየቱ በራሱ ሕመም አይደለም። ወሳኙ ነገር፣ ጊዜው ሲደርስ ሁለቱም ወገኖች በፈቃዳቸው፣ ስለ እርግዝናና በግንኙነት ስለሚተላለፉ በሽታዎች በቂ ዕውቀት ኖሯቸው መወሰናቸው ነው።