ከአዋጁ ግርጌ ያለው ስም

ባለፈው ክረምት ለራሴ አንድ ትንሽ ፕሮጀክት ሰጠሁ። ከ1987 ወዲህ በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ የወጡትን የአካባቢ ጥበቃና የበጀት አዋጆች ሰብስቤ በቃል የሚፈለጉ ላደርጋቸው አሰብኩ። ሥራዬ ሶፍትዌር ማልማት ስለሆነ «ሦስት ቀን ይበቃኛል» አልኩ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ግማሾቹ ፋይሎች ስካን ናቸው፤ የተቀሩት ደግሞ ዩኒኮድ ሳይለመድ በነበሩ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ ስለሆኑ «ደን» የምትለዋን ቃል ኮፒ ስታደርጓት የምትወጣው የዶላር ምልክትና ቅንፍ ሆና ነው። ፕሮግራሙ እምቢ ሲል ቁጭ ብዬ በዓይኔ ማንበብ ጀመርኩ።

በዓይን ሲነበብ ማሽን የማይፈልገው ነገር ይታያል። እኔን የያዘኝ የአዋጆቹ ግርጌ ነው። ኅዳር 24 ቀን 1995 የወጡት ሁለት አዋጆች፣ ማለትም የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 እና የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300፣ ግርጌያቸው ላይ ያለው ስም ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ነው። የ1999ኙ የደን አዋጅም እንደዚያው፣ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጁም እንደዚያው። በየዓመቱ የሚወጣው የበጀት አዋጅ ላይም እኚሁ ሰውዬ አሉ። ከ1994 እስከ 2006 ድረስ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ።

«ፕሬዚዳንት ስለሆኑ ነዋ፣ ምን ይገርማል?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። እኔም መቶ አለቃ ግርማን የማውቃቸው በልጅነቴ ቴሌቪዥን ላይ ቀስ ብለው ሲራመዱና በመስከረም መጨረሻ ምክር ቤቱን በንግግር ሲከፍቱ ነው። ታሪካቸውን ሳነብ ግን ግርጌው ላይ ያለው ስም ሌላ ስሜት ይሰጠኝ ጀመር።

ሰውዬው ቤተ መንግሥት ከመግባታቸው በፊት የሕግ አውጪ ነበሩ፤ ያውም ሁለት ጊዜ፣ በሁለት ሥርዓት። የመጀመሪያው በጃንሆይ ዘመን ነው። ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ወጥተው፣ በአየር ኃይልና በሲቪል አቪዬሽን ሠርተው፣ በ1953 ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ተመረጡ፤ ምክር ቤቱንም ለሦስት ዓመት በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። ሁለተኛው በ1992 ነው፤ ከበቾ፣ በግል ተወዳድረው። መሀል ላይ ሌላም ሥራ አለ። ፓርላማ ባልነበሩበት በ1980ዎቹ «ለም ኢትዮጵያ» የሚባለውን የአካባቢ ጥበቃ ማኅበር ከመሠረቱትና ከመሩት አንዱ ናቸው። ስለ ዛፍ የሚናገር ፖለቲከኛ ዛሬ ብዙ ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን እንዲህ አልነበረም።

ታዲያ እኚህ ሰው በ1994 ምክር ቤቱን ለቀው ፕሬዚዳንት ሲሆኑ የአካባቢ ጥበቃ ወንበር አገኘ ወይስ ወንበር አጣ? የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 57 ክፈቱት። ምክር ቤቱ ያጸደቀው ሕግ ለፕሬዚዳንቱ ይቀርባል፤ እሳቸው በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ይፈርማሉ፤ ካልፈረሙ ሕጉ ያለ ፊርማቸው በሥራ ላይ ይውላል። በእኛ ሙያ ቋንቋ ከጻፍኩት ፕሬዚዳንቱ ውጤቱን የማይቀይር ፈንክሽን ናቸው። በቾን ወክለው ምክር ቤት ውስጥ ቢቆዩ ኖሮ ቢያንስ እጅ ማውጣት፣ «ለዚህ ሕግ ገንዘቡ የታለ?» ብሎ መጠየቅ ይችሉ ነበር።

ጥያቄው የእኔ ብቻ አይደለም፤ ያመጣሁት ከአገር ቤት ነው።

የተወለድኩት መካነ ሰላም ነው። ከደሴ በጉጉፍቱና በአቀስታ አድርጋችሁ ወደ ምዕራብ ስትሄዱ፣ መሬቱ ወደ አባይ ሸለቆ ከመውረዱ በፊት የምታገኟት ከተማ። ስለ እኛ አካባቢ ሲወራ ሁሌ 1860 ነው፤ መቅደላ፣ ቴዎድሮስ፣ ሴባስቶፖል። ከዚያ ወዲህ ምንም እንዳልተፈጠረ። ከከተማዋ ብዙም ሳይርቅ ግን ደንቆሮ የሚባል ጫካ አለ። (አዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቼ ስሙን ሲሰሙ ይስቃሉ። ለምጄዋለሁ።) ኮሶው፣ አስታው፣ ጅባራው፤ ከላይ ውርጩ ላይ ጓሳው። ጭላዳ፣ የምኒልክ ድኩላ፣ ነብር፣ ዕድል ካላችሁ ቀይ ቀበሮ። በ2001 ክልሉ የቦረና ሳይንት ፓርክ ብሎ ከለለው፤ ያኔ ከ4 ሺህ ሄክታር ጥቂት በለጥ ይል ነበር፤ በኋላ ወረሂመኖ ተጨምሮበት ከ15 ሺህ ሄክታር በላይ ሆነ።

አያቴ፣ እኛ ቤት «አብዬ» ነው የምንላቸው፣ ድሮ ከብቶቻቸውን የሚያሰማሩት ከጫካው ጥግ ነበር። መከለሉን አይቃወሙም። ጫካው ሲመነጠር ምንጩ እንደሚደርቅ ለመናገር ዲግሪ አያስፈልጋቸውም። ባለፈው ፋሲካ ስለ ፕሮጀክቴ ስነግራቸው ዝም ብለው አዳመጡኝና «እንዴ አንተ ልጅ፣ ታዲያ ያ ሕግ የስካውቱን ደመወዝ ይከፍላል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ሦስት ሳምንት አዋጅ ሳነብ ከርሜ!

መልሱን ስፈልግ የገባኝ ነገር ሳይጻፍ የሚታለፍ ይመስለኛል። ሕገ መንግሥቱ ስለ መሬትና ስለ ተፈጥሮ ሀብት ሕግ የማውጣቱን ሥልጣን ለፌዴራል ሰጥቷል፤ በዚያ ሕግ መሠረት ማስተዳደሩን ደግሞ ለክልል። ገንዘቡ በሌላ መንገድ ይሄዳል። የድጎማ ቀመሩን የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ ጠቅላላውን የሚያጸድቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ ክልሉ ሲደርሰው የራሱ ምክር ቤት ይደለድለዋል፤ ወረዳም ድርሻውን ይዞ ለመምህር፣ ለጤና ባለሙያና ለግብርና ሠራተኛ ያብቃቃል። አዲስ አበባ ሆኖ ለደን ሕግ እጁን የሚያወጣ ተወካይ ያንን ሕግ ለማስፈጸም ስንት ብር እንደሚያስፈልግ በዚያው ቀን አይጠየቅም። በጀቱ በሰኔ መጨረሻ ሲመጣ ደግሞ የደን ሕጉ ጠረጴዛው ላይ የለም።

የሚገርመው ይሄ የኢሕአዴግ ፈጠራ አይደለም። የደን አዋጆቻችን የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ፣ ቁጥር 225፣ 226 እና 227፣ የወጡት በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው፤ የመንግሥት ደን፣ የግል ደንና መከላከያ ደን እያሉ ከፋፍለው። ያው ፓርላማ ግን የደኑን ዕጣ በእውነት የሚወስነውን ነገር፣ የጭሰኛና የባለመሬትን ግንኙነት የሚያሻሽለውን ረቂቅ፣ ደጋግሞ ቀርቦለት ሳያጸድቀው ቀረ። ለመመረጥ ንብረት መኖር ግዴታ በሆነበት ምክር ቤት ባለመሬቱ በገዛ ራሱ ላይ እጁን እንዲያወጣ መጠበቅም የዋህነት ነው። ነገ ከመሬቱ ሊነሳ የሚችል ጭሰኛ ዛሬ ዛፍ አይተክልም፣ እርከንም አይሠራም። የመሬቱን ነገር ዘግቶ ስለ ደን ማወጅ ቀላሉን ሥራ መምረጥ ነበር።

ሂሳቡ የተወራረደው ወሎ ላይ ነው። በ1965 አቤት ለማለት ወደ አዲስ አበባ በእግራቸው የተነሱ 1,500 ገደማ የወሎ ገበሬዎችን ፖሊስ ከተማው ሳይደርሱ መለሳቸው። በዚያው ዓመት የዩኒቨርሲቲ መምህራን ፎቶ አንስተው ይዘው መጡ፤ በ1966 ጥቅምት የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። አጣሪ ኮሚሽን በሕግ የተቋቋመው ከዚያ በኋላ፣ አብዮቱ እየነደደ ሳለ ነው። ባለሥልጣን ስለ ሥራው ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚጠየቅበት አሠራር ነበር። ኮሚሽኑ ሥራውን ሳይጨርስ ግን ኅዳር 14 ቀን 1967 ሊጠየቁ ከሚገባቸው ብዙዎቹ ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ፓርላማውም ንጉሡ በወረዱበት በመስከረም 2 አብሮ ተዘግቶ ነበር። አብዬ ግን ስለ 66 ብዙ አያወሩም፤ «እኛ ጋ የባሰው 77 ነው» ይላሉ፣ ከዚያ ዝም።

ከዚህ ታሪክ ተነስቼ ነው ዛሬ አንድ ኮሚቴን የምከታተለው፦ የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ። ስሙ ያስተኛል፣ አውቃለሁ። ግን ዋና ኦዲተር ያገኘውን ይዞ ሲመጣ፣ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ፊት ለፊት ተቀምጦ «ይሄ ያልተወራረደ ሂሳብ ምንድነው? ይሄ ግዥ ያለ ጨረታ ለምን ተፈጸመ?» ሲባል ማየት ደስ ይላል። የክዋኔ ኦዲት የሚባለው ደግሞ ገንዘቡ መውጣቱን ብቻ ሳይሆን ሥራው መሠራቱን ይጠይቃል፤ ስንት ችግኝ ተገዛ ብቻ ሳይሆን ስንቱ ጸደቀ ማለት ነው። እንግሊዞች እንዲህ ያለ ኮሚቴ ያቋቋሙት በ1861 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሲሆን ሰብሳቢውን ከተቃዋሚ ማድረግ ልማዳቸው ነው። እኛ ጋ በ2007 ምርጫ ወንበሩ ሁሉ በኢሕአዴግና በአጋሮቹ ስለተያዘ ተቃዋሚ ራሱ አልነበረም። ከ2014 ጀምሮ የአብኑ አቶ ክርስቲያን ታደለ ሰበሰቡት። በ2015 መጨረሻ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ወቅት ታሰሩ፤ በ2016 ምክር ቤቱ ያለመከሰስ መብታቸውን አነሳ። ስለ ክሱ እዚህ አልፈርድም። የወጪ ቁጥጥር ኮሚቴ ሰብሳቢ እስር ቤት የገባበት ምክር ቤት ውስጥ ቀጣዩ ጠያቂ ምን ያህል ድምፁን ከፍ ያደርጋል የሚለው ግን ያሳስበኛል።

ጎረቤት ኬንያን ልጥቀስ። ዋንጋሪ ማታይ በ1977 (በፈረንጆቹ) ግሪን ቤልትን ጀምራ፣ በ1989 ኡሁሩ ፓርክ ላይ ሊሠራ የነበረውን ሕንፃ ተሟግታ አስቀርታ፣ በ2002 ቴቱን ወክላ ፓርላማ ገባች፤ ወዲያው ረዳት ሚኒስትር ሆነች። የመቶ አለቃ ግርማ መንገድ ከእሷ ጋር ይመሳሰላል፤ ማኅበር፣ ከዚያ ምርጫ፣ ከዚያ ሹመት። ልዩነቱ ሹመቱ ነው። እሷ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ገባች፣ እሳቸው ቤተ መንግሥት።

በ2017 አንድ አዲስ ነገር መጣ። ምክር ቤቱ ለአረንጓዴ አሻራና ለተራቆተ መሬት ማገገሚያ የሚሆን ልዩ ፈንድ የሚያቋቁም አዋጅ አጸደቀ፤ ከዓመታዊው የፌዴራል በጀት ከ0.5 እስከ 1 በመቶ እንዲመደብለት። ዛፍና ብር አንድ አዋጅ ውስጥ ሲገናኙ ሳይ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ወንበሬ ላይ ዘለልኩ። የ2017 በጀት መጀመሪያ የጸደቀው 971.2 ቢሊዮን ብር ነበር፤ ግማሽ በመቶው 4.9 ቢሊዮን ገደማ ማለት ነው። የ2018ቱ 1.93 ትሪሊዮን ነው፤ ግማሽ በመቶው 9.6 ቢሊዮን፣ አንድ በመቶው 19.3 ቢሊዮን። በ0.5 እና በ1 መካከል ያለው ክፍተት ብቻ ዘጠኝ ቢሊዮን ከስድስት መቶ ሚሊዮን ብር ነው። ቁጥሩን የሚወስነው ማነው፣ ወደ ታችስ እስከ የት ይወርዳል?

አብዬ ጋ ደወልኩና ስለ ፈንዱ ነገርኳቸው።

«ለመትከያ ነው ለመጠበቂያ?» አሉ።

አዋጁን እንደገና ከፈትኩት። ስልኩ ላይ እየጠበቁኝ ነው።

«ቆይ አብዬ፣ እያነበብኩ ነው» አልኳቸው።