ቴዎድሮስ በጣና ላይ ያስቀዘፏቸው መንኮራኩሮች

ከጠዳ ተነሥቶ በማክሰኚት፣ በእንፍራዝ በኩል ወደ ደቡብ የሚጓዝ ሰው ጣናን በስተቀኙ እያደረገ ይወርዳል። ባሕሩን ዳር ዳሩን ይዞ ቢዘልቅ ቆራጣ ይደርሳል፤ ከቆራጣ ማዶ ዘጌ አለች። በ1858 ዓ.ም. በዚያ ውኃ ላይ ባላገሩ ከለመደው ታንኳ የተለየ ነገር ታየ፤ ሁለት ትልልቅ ጀልባዎች። ገላቸው እንደ ታንኳው ደንገል፣ ወለላቸው እንጨት ነው። ግራና ቀኛቸው ላይ ግን መንኮራኩር ተገጥሞላቸዋል። መንኮራኩሩን የሚያዞረው እንፋሎት አልነበረም፤ የሰው ክንድ ነበር። ያሠሯቸው አፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ነገሩን ጽፎ ያቆየልን በንጉሡ እጅ የነበረው እንግሊዛዊው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ ነው።

አርአያቸው ምን እንደነበር መገመት አያዳግትም። ቀይ ባሕር በዚያ ዘመን የባለመንኮራኩር የእንፋሎት መርከቦች መመላለሻ ሆኗል። በ1822 ዓ.ም. ሂዩ ሊንድሴይ የተባለችው መርከብ ከቦምቤይ ተነሥታ በአንድ ወር ገደማ ስዊዝ ከገባች ወዲህ፣ የለንደን ደብዳቤ አፍሪካን መዞር ቀርቶለታል። እስክንድርያ ድረስ በመርከብ፣ ከዚያ ግብፅን አቋርጦ በየብስ፣ ከስዊዝ እንደገና በመርከብ ወደ ኤደንና ወደ ሕንድ ይሄዳል። እንግሊዞች በ1831 ዓ.ም. ኤደንን ሲይዙ አንዱ ምክንያታቸው መርከቦቻቸው ከሰል የሚጭኑበት ቦታ መፈለጋቸው ነበር።

መንኮራኩሩ ለባሕር የሚመች ፈረስ አልነበረም። መርከቧ ከሰል ጠግባ ስትነሣ ከልኩ በላይ ይሰምጣል፤ ከሰሉ ሲያልቅ ውኃውን በወጉ አይቀዝፍም። ማዕበል ወደ ጎን ሲያጋድላት ደግሞ አንደኛው ከውኃ ወጥቶ አየር ሲመታ ይውላል። ጣና ላይ የከሰሉ ጣጣ የለም፤ ክንድ የሚያዋጣ ወታደር ሞልቷል። ለእኔ የንጉሡ ሥራ ከእብደት ይልቅ ብልሃት ይመስለኛል።

የሚያሳዝነው ሌላው ነው። ንጉሡ እነዚህን ጀልባዎች ከማሠራታቸው በፊት ጥቅምት 20 ቀን 1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጽፈው ነበር። ደብዳቤው በዚያው ዓመት የካቲት ለንደን ገባ። በመልእክተኛ ከደጋው ወርዶ፣ ባሕር ተሻግሮ በአራት ወር መድረሱ ለዘመኑ የሚያስመሰግን ነው። የዘገየው ከደረሰ በኋላ ነው፤ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ መልስ ሳይሰጥበት አስቀመጠው። ቴዎድሮስ የእንግሊዙን ቆንስል ካሜሮንን አሰሩ። ያን ጊዜ፣ በ1856 ዓ.ም. ግንቦት፣ መልስ ተጻፈ። መልሱን የያዘው ሆርሙዝድ ራሳም ምጽዋ ደርሶ የመግቢያ ፈቃድ ሲጠብቅ ከአንድ ዓመት በላይ ተቀመጠ፤ ከንጉሡ ጋር የተገናኘው ጥር 1858 ዓ.ም. ነው። እርሱም ቢሆን ከሐኪሙ ከብላንክ ጋር ሚያዝያ 6 ቀን ዘጌ ላይ ተያዘ። መርከቡ ፈጥኖ ነበር፤ ቢሮው ግን በበቅሎ እንኳ አልሄደም።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ እስረኞቹን ለማስፈታት በቀይ ባሕር ዳር ዙላ ላይ ወደ ሦስት መቶ የሚጠጋ መርከብ መልሕቁን ጣለ። አብዛኛው በሸራ፣ ቀሪው በእንፋሎት የሚሄድ ነው። የያዘው የእንግሊዙን የጄኔራል ናፒየርን ጦር፣ ከሕንድ የመጡ ዝሆኖችን፣ ሐዲድና ባቡር ሳይቀር ነው። መቅደላ ላይ የሆነውን አንባቢ ያውቀዋል፤ ቀኑ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ነበር፤ ራሳም ዘጌ ላይ ከተያዘ ልክ ሁለት ዓመት።

የእንፋሎት መርከብ ጣጣ በዚህ አላበቃም። ኅዳር 1862 ዓ.ም. የስዊዝ ቦይ ሲከፈት፣ በዚያው ሳምንት ጁዜፔ ሳፔቶ የሚባል ኢጣሊያዊ ሩባቲኖ ለተባለው የመርከብ ኩባንያ አሰብ ላይ ከአካባቢው ሱልጣኖች መሬት ለመግዛት ተዋዋለ። ኩባንያው የሰጠው ምክንያት መርከቦቹ የሚያርፉበትና ከሰል የሚያራግፉበት ቦታ መፈለጉ ነበር። በ1874 ዓ.ም. የኢጣሊያ መንግሥት ቦታውን ከኩባንያው ተረከበ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ምጽዋን ያዘ።