ፊንፊኔ፦ ከአበባው በፊት የነበረው ውሃ

የአዲስ አበባ ስያሜ በተነሳ ቁጥር ወሬው ሁሉ ወደ አበባው ያደላል። በ1879 ዓ.ም. ጣይቱ ብጡል ከእንጦጦ ወርደው አበባ አዩ፣ «አዲስ አበባ» አሉ፣ ከተማው ተቆረቆረ፤ ተረኩ እዚህ ላይ ያልቃል። ስሙን ያወጣው ማን እንደሆነ ይነግረናል፤ ሰዎቹን ከእንጦጦ ብርድ ወደ ሜዳው ያወረዳቸውን ነገር ግን ይጋርደዋል። ያወረዳቸው ሙቅ ውሃው ነው። ጣይቱ ቤት ያሠሩት ከፍል ውሃው አጠገብ ነበር፤ ቦታውም ስም አላጣም፣ ፊንፊኔ ይባል ነበር።

«ፊንፊኔ ማለት ፍል ውሃ ሲበላሽ ነው» የሚል ካለ ሰነድ ያፈርሰዋል። ወደ ሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተላከው እንግሊዛዊ ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ ከንጉሡ ሠራዊት ጋር ዘምቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1844 ለንደን ላይ ባሳተመው መጽሐፍ ሸለቆውን «ፊንፊኒ» ብሎታል። ይህ ከተማው ከመቆርቆሩ አርባ ዓመት ያህል ይቀድማል። አብሮት የዘመተው የሸዋ ጦር አማርኛ ተናጋሪ ነው፤ የቦታው ስም ፍል ውሃ ቢሆን ኖሮ ሃሪስ ከነሱ አፍ የሚሰማው እሱን ነበር። ኋላ ሚሲዮናቸውን እዚያ የተከሉት አቡነ ማስያስም የጻፉት ያንኑ ስም ነው። ለእኔ ስሙ የውሃው ድምፅና አወጣጥ ነው። ኦሮምኛው ፊንፊኔን የሚፈልቅ ውሃ ይለዋል፤ እኛም ከጠባብ ቀዳዳ በኃይል የሚወጣውን «ፊን አለ» እንላለን። «ፍል ውሃ» ሙቀቱን ብቻ ይናገራል፤ ፊንፊኔ ከድንጋይ ስንጥቅ ሽቅብ መገንፈሉን ያሳያል።

«ፊንፊኔ የመላው ከተማ ስም እንጂ የምንጭ አይደለም» ቢባል፣ ስም ከምንጭ ወደ መስክ፣ ከመስክ ወደ አገር መስፋቱ የተለመደ ነው። ከብት የሚጠጣው ሆራ ባለበት መንደር ይሰበሰባል፣ መንደሩም በውሃው ይጠራል። ሙቀት የግድ በስም ይገለጻል ለሚልም፣ የደራው ዋንዛዬ ፍል ውሃ ሆኖ ሳለ ስሙ የዛፍ ነው።

እሳተ ገሞራውም ቢሆን ምስክር ነው። እንጦጦ፣ ወጨጫና የረር በጥንት እሳተ ገሞራ የተሠሩ፣ እሳታቸው ዛሬ የጠፋ ተራሮች ናቸው። የእንጦጦ ዝናብ ወደ ጥልቁ ሰርጎ ይሞቃል፣ በፍል ውሃው ስንጥቅ ተመልሶ ይወጣል። ምንጩ ከቤተ መንግሥቱም ከአበባውም ይቀድማል። ካርታ የምትሠሩ ሁሉ፣ «ፍል ውሃ» ከሚለው ጎን «ፊንፊኔ»ን ጻፉ።