ታንኳና ደንገል

እኛ የአምቦ ሰዎች ውኃ ሲባል ቶሎ የሚታወሰን ጠርሙሱ ነው። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ፣ ከደጃችን ተነሥቶ ቢወርድም፣ ደንዲና ወንጪም አጠገባችን ቢተኙም፣ በጨዋታችን ውስጥ ዓሣ አስጋሪ ጎልቶ አይወጣም። የጣና ነገር ልቤን የሚስበው ምናልባት ለዚህ ይሆናል።

ስለ ጣና የተጻፈው አብዛኛው ታሪክ የገዳማት ታሪክ ነው፤ ስለ ብራናው፣ በዳጋ እስጢፋኖስ ስላረፈው የነገሥታት ዐፅም። ተገቢ ነው። ነገር ግን መነኩሴውንና ተሳላሚውን፣ የዘጌን ቡናና እንጨት ለዘመናት ያሻገረው ምን ነበር? ከደንገል የተጠፈረ ታንኳ!

በዚህ ጥበብ ከሁሉ ይልቅ ስማቸው የሚነሣው ነገደ ወይጦ ናቸው። ደንገሉን ያጭዳሉ፣ ያደርቃሉ፣ ይጠፍራሉ። ታንኳው ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ዕድሜው አጭር ነው፤ አባት ለልጁ የሚያወርሰው እንግዲህ የእጁን ሙያ ነው። ቀድሞ ጉማሬ እያደኑ ሥጋውን ይበሉ ስለ ነበር ክርስቲያኑ ራቃቸው፤ እስላም ነን ቢሉም እስላሙ አልተቀበላቸውም። የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው፤ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ አጥኚዎች ሲደርሱ ግን የሚናገሩት አማርኛ ነበር። አብሯቸው ማዕድ የማይቆርስ ጎረቤት ወፍጮ ድንጋያቸውንና ታንኳቸውን ግን ይገዛ ነበር። (በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ ባይቋጭም፣ የባሕር ዳር የዓሣ ገበያ በዐቢይ ጾም መድራቱን ልብ ይሏል።)

እ.ኤ.አ. በ1986 በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንና በሆላንዳውያን ትብብር የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ወደ ሐይቁ ገባ። ዓሣው በዛ፣ ሩቅ ገበያም ተገኘ፤ ይህን አልክድም። ሆኖም በዓለም ላይ ከጣና በቀር የማይገኙት የነጭ ዓሣ ዘሮች በክረምት ለመራባት ወደ ወንዞቹ አፍ ሲሰበሰቡ መረቡ እዚያው ጠበቃቸው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ውስጥ ብቻ ብዛታቸው 75 በመቶ ያህል ቀነሰ። በታንኳ ከዳርቻ የማይርቀው አስጋሪ ይህን ያህል ጥፋት ሊያደርስ አቅሙም አልነበረው።

የባንክ ሠራተኛ ነኝና ነገሩን በመያዣ ዓይን አየዋለሁ። ሞተር ጀልባ ዋጋ ተተምኖለት በመዝገብ ይሰፍራል። በየጊዜው የሚበሰብስና እንደገና የሚጠፈር ታንኳ ግን በየትኛው ዓምድ ይጻፋል? ባለሙያው ድኻ የሚባለውም ሀብቱ በእጁ ላይ ስለ ሆነና ስለማይቆጠር ጭምር ይመስለኛል።

እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ እምቦጭ በሐይቁ ላይ ታየ። አረሙ የሚበረታው በዳርቻው፣ ታንኳው በሚውልበት ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ ነው። የደንገሉም ቦታ በእርሻና በግጦሽ እየጠበበ ሄዷል፤ ታንኳ ሠሪውም ቀድሞ ከደጁ ያጭደው የነበረውን ደንገል ዛሬ ርቆ ይፈልጋል።